አራስ ቤት የገባ ከሰል

እኛ አገር ከሰል አይጣልም። ስብርባሪውም ተለቅሞ፣ የራሰውም ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይነድዳል። ባለቤቴም ያን ቀን ያደረገችው ይህንኑ ነው።

እንጅባራ ዳር ካለው ምንጫችን በላይ አንድ የነዳጅ ቦቴ ተቃጥሎ ነበር። እሳቱ የጠፋበት አረፋ መሬት ውስጥ ሰርጎ ከምንጩ ገባ። ቢያፈሉት የማይጠፋ፣ ቢያሸቱት የማይታወቅ ኬሚካል ነው አሉን። አንዲት ተመራማሪ ውሃውን የሚያጠራ መሣሪያ ይዛ መጣች፤ እኔም ጠባቂው ሆንኩ።

ነገሩን ቀስ ብላ አስረድታኛለች። እኛው ለማክሰል ከምንተክለው ከዲከረንስ እንጨት የከሰለ ከሰል ተዘጋጅቶ መሣሪያው ውስጥ ይገባል። ኤሌክትሪክ ሲለቀቅበት ኬሚካሉን ከውሃው ስቦ ይይዛል። አቅጣጫው ሲገለበጥ የያዘውን በጥቂት ውሃ ላይ ይተፋል፤ ያ ውሃ በርሜል ውስጥ ይታሸጋል፣ ከሰሉም እንደገና ሥራውን ይጀምራል።

ያን ቀን ከሰሉ እንደጠገበ፣ ሳይተፋ፣ መብራት ጠፋ። የያዘውን መልሶ ውሃው ላይ እንዳይለቅ ብላ ተመራማሪዋ ከሰሉን አውጥታ በባልዲ አስቀመጠችና ለጄኔሬተር ቤንዚን ፍለጋ ወደ ከተማ ሄደች። እኔ ቧንቧውን ዘግቼ ስመለስ ምሳዬ ተከድኖ ተቀምጧል፤ ባልዲው ባዶ ነው። ምሳ የምታመጣልኝ ባለቤቴ ናት። አመሏን አውቃለሁና ፈገግ አልኩ።

ተመራማሪዋ መጥታ ስነግራት ግን ፊቷ ተለወጠ።

«አባቴ፣ ያ ከሰል ከነደደ ጭሱ መርዝ ነው። ቤት ማን አለ?»

«ልጄ አለች። አራስ ናት።»

ብደውል ኔትወርክ የለም። ባጃጅ ይዘን ወጣን። ክረምቱ ገብቷል፤ በዚያ ብርድ አራስ ቤት እሳት አይታጣም። ጭቃው ባጃጁን ሲያንሸራትተው ሾፌሩን ቶሎ በል ማለትም ፈራሁ፣ ዝም ማለትም ፈራሁ።

በሩን ከፍቼ ስገባ ባለቤቴ ምድጃው ላይ ጎንበስ ብላ ታራግባለች። ከሰሉ እርጥብ ስለሆነ ይንጣጣል፤ ዳር ዳሩ ግን ቀልቷል። ጉሮሮ የሚከረክር፣ የማላውቀው ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። ምድጃውን በጋቢዬ ጫፍ ይዤ አወጣሁና አፈር አለበስኩት።

ተከትላኝ ወጣች። ዕድሜውን ሙሉ ከሰል ሲያከስል የኖረ ሰው በስተርጅና እሳት ጠል ሆነ ብላ ዘለፈችኝ። ነገሩን ስነግራት ማራገቢያዋን ከእጇ ጣለች። ተመራማሪዋ ቤቱ እስኪናፈስ እናትና ልጅ ውጭ ይቆዩ ስትል ግን በሩ ላይ ቆመች። ክርስትና ያልተነሣ ሕፃን እንዴት ደጅ ይወጣል? ነፋሱስ?

«ብርድ ሲገድል አይቻለሁ» አለች። «ይኼን የምትሉትን ግን አላየሁትም።»

እውነቷን ነው፤ የበኩር ልጃችንን የወሰደብን ብርድ ነው።

ከውስጥ ሕፃኑ ሳለ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ሳለ።

ባለቤቴ ገባች። ሕፃኑን በነጠላ፣ ከላይ ደግሞ በወፍራም ጋቢ ጠቅልላ አወጣችው፤ ልጃችንም ግድግዳውን ይዛ ተከተለቻት። ከአጥሩ ጥግ አስቀመጠቻቸውና እሷ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ቆማ ኩታዋን በሁለት እጇ ዘረጋች።

በርና መስኮቱን ከፋፍቼ ስመለስ ሕፃኑ ይጠባል። ቤቱ መቼ እንደሚናፈስ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አላውቀውም። ነፋሱ በዞረ ቁጥር ኩታዋን እንደዘረጋች አብራው ትዞራለች።