ሦስት ኦሞድ፣ አንድ ወንበር

የወንድሜ ልጅ አጁሉ ለክረምት ዕረፍት ከአዲስ አበባ መጥታ በረንዳዬ ላይ ተቀምጣለች። እኔ በቆሎ እየፈለፈልኩ፣ እሷ ስልኳን እየነካካች፣ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ አብረዋት ስለሚሰበሰቡ ወጣቶች ታወራኛለች። ደመወዝ የሚያስገኝላቸው ነገር አይደለም፤ ስለሚወዱት ብቻ ነው። ዩኒክስና ሊኑክስ ስለሚባሉ የኮምፒዩተር ሥርዓቶች፣ ፕሮግራም እንዴት እንደሚያጥር ሲከራከሩ ይውላሉ።

"ባለፈው አንዲት ትልቅ ሴት ጋብዘን ነበር" አለችኝ። "ድሮ ጋምቤላ ሠርታለች። እዚህ ስለሠራችው ስህተት ነገረችን፤ አዳራሹ ሁሉ አጨበጨበላት።"

ስሟን ስትነግረኝ የበቆሎውን ራስ ቅርጫቱ ውስጥ መለስኩት።

እዚህ ሰላማዊት ብዬ እጠራታለሁ። እውነተኛ ስሟን የሚጠራላት ሰው አላጣችም። በታሪኳ ውስጥ "አንዲት የቢሮ ጓደኛዬ" ያለቻት እኔ ነኝ። ጓደኛዋ አልነበርኩም፤ ከዚያ ልጀምር።

ጋምቤላ ክልል ከተባለች ገና ጥቂት ዓመቷ ነበር። ቢሮዎች በየጊዜው ይከፈቱ ነበር፤ ማኅተሙ ከጠረጴዛው ቀድሞ የሚደርስበት ዘመን ነው። እኔ በአንዱ ቢሮ በታይፒስትነት ተቀጠርኩ። አኙዋክ ነኝ። አማርኛን የተማርኩት ትምህርት ቤት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ቃል ሳልመዝን መጻፍ አልሆነልኝም። ከስደተኞች ጋር ይሠራ የነበረ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ወደ አገሩ ሲመለስ አሮጌ ኮምፒዩተሩንና አንድ የጫማ ካርቶን ሙሉ ፍሎፒ ዲስክ ለቢሯችን ትቶ ሄደ። ዲስኮቹ ላይ ያለው ሊኑክስ ነበር። ሥዕል የለው፣ ማውስ የለው፤ ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ፊደል ብቻ። አማርኛም አይጽፍም፤ የሰዉን ስም ሁሉ በላቲን ፊደል ነበር የምናስገባው። ባለቀለም ኮምፒዩተር የደረሳቸው ሌሎች ቢሮዎች የእኛን "ጨለማው" ይሉት ነበር።

የስታትስቲክስ ክፍሉ ኃላፊ ኦቻላ ግን ወደደው። የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነው፤ ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ እሁድ እሁድ በቤተ ክርስቲያናችን መዝሙር የሚመራ። "መንጠቆ መንጠቆ ነው፤ መረብም መረብ ነው" ይለን ነበር። "ሁለቱን አንድ ላይ የሰፋ ሰው ዓሣም አይዝ፣ ዕቃውንም ያበላሻል።" የሊኑክስ አባት ዩኒክስ ለእሱ ይኸው ነበር። እያንዳንዷ ትንሽ ፕሮግራም አንድ ሥራ ብቻ ትሠራለች፤ የሠራችውን ለቀጣይዋ ታቀብላለች።

በሙቀቱ ምክንያት ቢሮ ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ይዘጋል፤ ጄኔሬተሩም ይጠፋል። ከተማው ሲተኛ እኛ የክፍሉ ሰዎች ባሮ ወንዝ ዳር ካለው ትልቅ ማንጎ ሥር እንቀመጥ ነበር። መብራት ስለሌለ ፕሮግራሙን የምንጽፈው ወረቀት ላይ ነው፤ የምንከራከረውም ወረቀት ይዘን ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጄኔሬተሩ ሲያጉረመርም ሄደን እንተይባለን። አንድ ሕግ ነበረን። አንዱ የጻፈውን ሌላው ካሳጠረው፣ ከፕሮግራሙ አናት ላይ የመጀመሪያው ሰው ስም ይሰረዝና ያሳጠረው ሰው ስም ይገባል። ሕጉን ያወጣው ኦቻላ ነው። እኔም ወድጄው ነበር፤ ለአንድ ዓመት ያህል የአብዛኞቹ ፕሮግራሞች አናት ላይ የነበረው የእኔ ስም ነበራ።

ከዚያ ሰላማዊት ከአዲስ አበባ ዲፕሎማ ይዛ መጣች።

ክፉ ሰው ነበረች ብል ውሸት ይሆናል፤ ብትሆን ይቀለኝ ነበር። ትስቃለች፣ ሰውን ሁሉ በቁልምጫ ትጠራለች፣ እኔን በሁለተኛው ቀን "አሪዬ" አለችኝ። ስሜ አሪየት ነው። ከዓሣ ተራ የተጠበሰ ዓሣ ገዝተን ስንበላ፣ ኦቻላ እሾሁን እያወጣ ያቀብላት ነበር። እኔ እዚሁ ወንዝ ዳር ስላደግሁ እሾህ የሚያወጣልኝ አያስፈልገኝም። ቢሆንም የጠየቀኝ አልነበረም። በሁለት ወር ውስጥ አራት ቦታ ላይ ስሜ ተሰርዞ የእሷ ገባ። እያንዳንዱን ዛሬም አስታውሳለሁ።

በዚያው ሰሞን ለቢሯችን አንድ የሥልጠና ዕድል መጣ፤ አዲስ አበባ፣ ስድስት ወር፣ ኮምፒዩተር ብቻ። የሚሄደው አንድ ሰው ነው፤ የሚመርጠውም ኦቻላ። ያን ያህል የፈለግሁት ነገር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልነበረም። ከታይፒስት ወንበር የሚያስነሳኝ ሌላ መንገድ አልነበረኝማ። "የመምህራኑ ሥራ ሲያልቅ እወስናለሁ" አለን።

የመምህራኑ ሥራ ይህ ነበር። በክረምቱ ጅማ ሄደው ኮርስ የሚወስዱ መምህራን ስም ከትምህርት ቤቶችም ከወረዳዎችም ተልኮልናል፤ ስለዚህ አንዱ ሰው ሁለት ጊዜ ይገኛል። ድግግሞሹን አውጥቶ ንጹሕ ዝርዝር መሥራት ነው። እኔ ስልሳ አንድ መስመር ጻፍኩ። ሁለት ስም ሲመሳሰል ፕሮግራሜ የአያት ስም ያያል፤ የአያት ስም ከጎደለ ትምህርት ቤቱን ያያል፤ ያም ከተመሳሰለ ብቻ አንዱን ይጥላል።

ወረቀቱን ማንጎው ሥር ሳነብላቸው የጄኔሬተሩ ቴክኒሻን ታደሰ ጋደም እንዳለ ሰማኝ። ታደሰ የጎሬ ልጅ ነው፤ ምላሱ አያርፍም።

"ስልሳ አንድ መስመር" አለ። "አሪየት፣ ይሄ ፕሮግራም ነው ወይስ የጋብቻ ውል?"

"ውል እንኳ አያት አይጠይቅም" አለች ሰላማዊት እየሳቀች። ወረቀቱን ተቀብላ ጀርባው ላይ አንድ መስመር ጻፈች። ሦስት ትንንሽ ፕሮግራሞች ናቸው። አንደኛዋ ስምና የአባት ስም ብቻ ቆርጣ ታወጣለች፤ ሁለተኛዋ በፊደል ተራ ትደረድራለች፤ ሦስተኛዋ የተደጋገመውን ትጥላለች።

ኦቻላ ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አየው። "ይህ ነው እንግዲህ መንጠቆ ማለት" አለ። እስክሪብቶውን አውጥቶ ስሜን ሰረዘ።

እኔ ግን ሳየው ገባኝ። እኛ አኙዋኮች ዘንድ ስም ብዙውን ጊዜ በአወላለድ ተራ ይወጣል። የበኩሩ ኦሞድ፣ ተከታዩ ኦጁሉ ይባላል፤ የአባትም ስም ከነዚያው ጥቂት ስሞች ነው። አንድ ድንጋይ ገበያ መሃል ብትወረውር ኦሞድ ኦጁሉን ትመታለህ። ለሰላማዊት ስምና የአባት ስም አንድ ሰው ነው። ለእኛ ግማሽ መንደር ሊሆን ይችላል። ኦቻላ ራሱ ይህን ማየት ነበረበት፤ የመስመሩ ማጠር ዓይኑን ያዘው። ወይም የጻፈችው ሴት።

"የምትጨምሪው አለ?" አለኝ።

"የለም" አልኩ። "አጭር ነው።"

ዝርዝሩ ተለጥፎ ስህተቱ በሁሉም ፊት ሲወጣ የእኔ ስልሳ አንድ መስመር እንደሚፈለግ አስቤ ነበር። ጥቂት ሰው ያጉረመርማል፣ ዝርዝሩ እንደገና ይሠራል፣ ጅማን እንጂ ሌላ ነገር አይነካም ብዬ ነበር የገመትኩት። እንዲያ ብዬ ሌሊቱን በሰላም ተኛሁ።

ዝርዝሩ በጽሑፍ ተባዝቶ፣ የቢሮው ኃላፊ ፈርሞበት፣ በሰኔ መጨረሻ ቢሮው በር ላይ ተለጠፈ። ዝናቡ ጀምሯል፤ ባሮ ጠቁሮና ሞልቶ ይወርዳል። የኢታንግ መንገድ ጭቃ ስለሆነ ከዚያ የሚመጡት በጀልባ ነው። የጅማው አውቶቡስ በሚነሳበት ጠዋት መምህራኑ ሻንጣና ፌስታል ይዘው ግቢው ውስጥ ቆመዋል። ረዳቱ ከወረቀቱ ላይ ስም ይጠራል።

"ኦሞድ ኦጁሉ።"

ሦስት ሰዎች ወደ አውቶቡሱ በር ሄዱ።

አንዱ ከአቦቦ የመጣ ወጣት ነው፤ አንዱ ከጎግ። ሦስተኛው ሽማግሌ ነው። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኗል። ሳየው መስኮቱ ጋ ቆሜ የነበርኩት ወደ ኋላ አልኩ። ኢታንግ አንደኛ ክፍል እያለሁ ፊደል ያስቆጠረኝ መምህሬ ነው።

"እኔ ነኝ ኦሞድ ኦጁሉ" አለ ወጣቱ።

"እኔም ነኝ" አለ የጎጉ።

"እኔ ከሁለታችሁም በፊት ኦሞድ ኦጁሉ ነበርኩ" አለ ሽማግሌው፤ ሰዉ ሳቀ። ረዳቱ አልሳቀም። ወረቀቱ ላይ አንድ ስም፣ አውቶቡሱ ውስጥ አንድ ወንበር ነው ያለው። ሌሎች አራት መምህራንም እንዲሁ ከሞክሼዎቻቸው ጋር ቆመው ቀሩ።

መምህሬ መስኮቱ ጋ አየኝና መጣ። በቋንቋችን ነው የተናገረኝ። "አሪየት ልጄ፣ አንቺ እዚህ አይደለሽም የምትሠሪው? ይህን ወረቀት አይተሽዋል?"

"ዝርዝሩን የሠራው ሌላ ሰው ነው፣ መምህር" አልኩት።

እውነት ነበር። እውነት ሆኖ እንደዚያ የከበደኝ ነገር ግን የለም።

የቢሮው ኃላፊ በዚያው ጠዋት ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ሄዶ በርሯል፤ ሌላ ደብዳቤ የሚፈርም ሰው አልነበረም። ሾፌሩ ዝናቡ የጎሬን ዳገት ሳይዘጋ መውጣት አለብኝ አለ። ሦስቱ ኦሞዶች ጥግ ይዘው ተነጋገሩ። መምህሬ "ልጆች ናችሁ፣ ገና ብዙ ታስተምራላችሁ" ብሎ ወጣ። ቀሪዎቹ ሁለቱ ዕጣ ተጣጣሉና የአቦቦው ወጣት ሄደ። የጎጉ በሚቀጥለው ክረምት ተላከ። መምህሬን ግን በሚቀጥለው ክረምት ጡረታ ቀደመው። ዲፕሎማ ሳያገኝ ከሥራ ወጣ።

በዚያ ቀን እኩለ ቀን ላይ ማንጎው ሥር አልተሳቀም። ሰላማዊት ከመቀመጧ በፊት ተናገረች።

"እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ሁለት ሰው አንድ ስምና አንድ የአባት ስም ሊኖረው እንደሚችል አላሰብኩም። አገሩን ሳላውቅ አገሩን አሳጠርኩት። የቢሮው ኃላፊ በሚመለስበት ቀን ገብቼ እነግረዋለሁ።" ወረቀቱን አውጥታ ጀርባው ላይ ያለውን የራሷን መስመር ሰረዘች። የእኔን ስልሳ አንድ መስመር አናቱ ላይ ስሜን እንደገና ጽፋ ሰጠችኝ። "አሪዬ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ" አለች።

ያ ጊዜ የእኔ መሆን ነበረበት። ተፈርዶልኛል፤ ስሜ ተመልሷል። ኦቻላ ግን ወደ እኔ ዞረ።

"አሪየት፣ አንቺ ይህን አላወቅሽም ነበር?"

አውቄ ነበር ብል፣ መምህሬን በጭቃ ያመላለስኩት እኔ ነኝ። አላወቅሁም ብል፣ የገዛ ወገኔን ስም የማላውቅ አኙዋክ ነኝ። 

"አላወቅሁም" አልኩ።

ኦቻላ ራሱን ነቀነቀ። ሌላ አልጠየቀኝም። በሳምንቱ ለሥልጠናው ሰላማዊትን መረጠ። "ምን እንደጎደላት አውቃለች፤ የሚጎድላትን የምታውቅ ትማራለች" አለ። እሷ ሄደች፤ አልተመለሰችም። እኔ እዚያው ወንበር ላይ ቀረሁ፤ በኋላ ከማውስ ጋር ሌላ ኮምፒዩተር መጣልን። ለብዙ ዓመት ታሪኩን ለራሴ ስነግረው እንዲህ ነበር፦ የተሳሳተችው ከበረች፣ ልክ የነበርኩት ተረሳሁ።

ይህን ሁሉ ለአጁሉ ነገርኳት። የፕሮግራሙን ነገር በዝርዝር ጠየቀችኝ፤ የማስታውሰውን ያህል፣ አያቱን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ሁሉንም። 

"አክስቴ" አለች በመጨረሻ፣ "ሞክሼዎችን ለመለየት ስልሳ አንድ መስመር የጻፈ ሰው እንዴት አላወቅሁም ይላል?"

ዓይኔ ቅርጫቱ ላይ ነበር። ኦቻላ ያን ወረቀት መስመር በመስመር ሰምቶታል፤ ሲጠይቀኝ መልሱ በእጄ ነበር፣ በእኔው ጽሕፈት። ሊያጠምደኝ ሳይሆን እንድናገር ነበር የጠየቀኝ። ሰላማዊት ከደቂቃዎች በፊት የተናገረችውን ያህል ብናገር ኖሮ ማንን ይልክ እንደነበር አላውቅም። ምናልባት ያኔም እሷን። ግን ሳይመርጠኝ የቀረው ስህተት ስለሠራሁ ሳይሆን ስለዋሸሁት እንደነበረ አሁን ይገባኛል። ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ምን ቀረው፤ ይህን ያህል ጊዜ የተናደድኩት እሷ ላይ ነበር።

"ሴትየዋ የጋምቤላ ልጅ መሆኔን ስትሰማ ያቺን የቢሮ ጓደኛዬን ታገኚልኝ እንደሆን ብላኝ ነበር" አለች አጁሉ። "እስከ ዛሬ ይቅርታ ልጠይቃት እፈልጋለሁ ትላለች። ቁጥርሽን ልስጣት?"

"አትስጫት" አልኳት።

ይቅርታዋን የምቀበለው ምን ብዬ ነው? ከደወለች ቀድሜ መናገር ያለብኝ እኔ ነኝ። አጁሉ ስልኳን ይዛ፣ መልሴን እንድቀይር ነው መሰለኝ፣ እያየችኝ ቆየች። እኔ ገና አልቀየርኩም።