ዝቅ ያደረገ እጅ

ሰርካለም አዳነ ቡታጅራ ተወልዳ፣ ጉብሬ ተምራ፣ አሁን ወልቂጤ ከአንድ ጫማ መሸጫ በላይ ባለች ክፍል የኮምፒውተር ፕሮግራም ትጽፋለች። ያን ሰሞን የያዘችው የሚኒባሶችን ተራ የሚያስይዝ ፕሮግራም ነበር። የመናኸሪያው ተራ አስከባሪ አቶ ዘመድኩን በማግስቱ ሊረከቡ ይመጣሉ፤ እሷም «ፍተሻው ሁሉ ሳያልፍ አላስረክብም» ብላቸዋለች።

ፕሮግራሙ ራሱን በራሱ የሚፈትሽባቸው ብዙ ፍተሻዎች አሉት። ከሁሉ የምትሳሳላት አንዲቱ፣ አንድ ሚኒባስ ሁለቴ ተራ ሲይዝ ማስጠንቀቂያ መጻፉን የምታረጋግጠው ነበረች። ይህች ፍተሻ ለብቻዋ ስትሮጥ፣ ማለትም ስትሠራ፣ ታልፋለች፤ ከሌሎቹ ጋር ስትሮጥ ትወድቃለች።

«ሰርኬ፣ ለዛሬ ብንዘላትስ?» አለ የሥራ ባልደረባዋ ዮሲ። «ጋሽ ዘመድኩን መቼ ያውቋታል!»

«የጉንችሬ ተራ ላይ አንዱ ሾፌር ሁለቴ ሲገባ አይተህ ታውቃለህ?»

«ዱላ ነዋ!»

«እንግዲያው ገላጋዩ አንተ ነህ።»

ሰርካለም አልደነገጠችም። ለብቻዋ የምታልፍ ፍተሻ በሌሎች መሃል ከወደቀች፣ ጥፋቱ ቀድሟት ከሮጠው ነው። ከላይ ጀምራ እያነበበች ወርዳ ዮሲ የጻፈው አንድ ፍተሻ ላይ ቆመች። ፕሮግራሙ የሚሠራውን ሁሉ ሎግ በሚባለው መዝገብ ላይ ይጽፋል፤ ተራ አስከባሪው ማስጠንቀቂያውን የሚያየውም እዚያው ነው። ምን ያህል እንደሚጽፍ እንደ ሬዲዮ ድምፅ ከፍና ዝቅ ይደረጋል። ዮሲ ልፍለፋው ሰልችቶት ዝቅ አድርጎታል፤ ሲጨርስ ግን አልመለሰውም፤ ስለዚህ ከእሱ በኋላ ማስጠንቀቂያው ሳይጻፍ ይቀራል።

የቡታጅራው ቤታቸው ትዝ አላት። ጎረቤት ለቅሶ ሲገባ ሬዲዮውን ዝቅ የሚያደርገው አባቷ ነበር፤ ሐዘኑ ሲያበቃ የሚመልሰውም እሱ። ሌላ ሰው አይነካውም። እሱ የሞተ ዕለት ዝቅ ያደረገችው ሰርካለም ናት፤ ከዚያ ወደ ትምህርቷ ሄደች። በዓመቱ ብትመለስ ቤቱ እንደዚያው ጭር ብሏል።

«ዝቅ ያደረገችው ትመልሰው ብዬ ነው» አለቻት እናቷ።

የዮሲን ፍተሻ አስተካከለችው። አሁን ሎጉ የነበረበትን ደረጃ አስቀድሞ ይይዛል፣ ዝቅ ያደርጋል፣ ሲጨርስም ቢያልፍም ቢወድቅም ወደ ነበረበት ይመልሳል። ሁሉም አለፉ።

በማግስቱ አቶ ዘመድኩን አንዱን ታርጋ ሆን ብለው ሁለቴ አስገቡ። ማስጠንቀቂያው ወዲያው ስክሪኑ ላይ ወጣ።

«ወይ ጉድ፣ እኔንም አላመነኝም!» ብለው ሳቁ። «በሉ አምጡት፣ የት ነው የምፈርመው?»