ከተሸነፈው ወገን አንድ ምስክር

ሳዑዲ፣ ጂዛን ከተማ ሻንጣ ስሸጥ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ሰው የትኛውን ሻንጣ እንዳነሳ አይቼ አካሄዱን አውቃለሁ። ለፈቃድ አገሩ ሄዶ የሚመለስ ትልቁን ይመርጣል፤ ዘመድ ያዘዘው ዕቃ አለበት። ጠቅልሎ የሚሄድ ግን አብዛኛውን ጊዜ መካከለኛውን ነው የሚያነሳው። ዚፑን ሁለት ሦስት ጊዜ ከፍቶ ይዘጋል፣ ውስጡን በእጁ ይዳብሳል፣ ከዚያ ሳይከራከር ይወስዳል። የማይከራከር ወሎዬ ሱቄ የገባ ቀን አንድ ሰው እንደጎደለብን አውቃለሁ።

በባይሽ የማንጎ እርሻ የሚጠብቁት ሽማግሌ አንድ ሐሙስ ጧት ጂዛን ድረስ መጥተው መካከለኛውን ሻንጣ አወረዱ። እያወቅሁ፣ "ጋሼ፣ ለፈቃድ ነው?" አልኳቸው።

"ኹሩጅ ኒሃኢ" አሉኝ። የመጨረሻ መውጫ ማለታቸው ነው። አሠሪያቸው፣ ከፊል የምንለው፣ ወረቀቱን ጨርሶላቸዋል፤ የቀራቸው አሥራ አምስት ቀን ነው። ዚፑን ከፈቱ፣ ዘጉ። "ሻንጣውስ ይሁን። የኔን ጨዋታ መቼ ነው የምትጽፉት?"

የሻንጣውን አቧራ ጠረግኩላቸው። ለምን እስካሁን እንዳልጻፍኩት ለማስረዳት ስለ ጀመዓችን መናገር አለብኝ።

ባይሽ አካባቢ እርሻ የሚሠሩ፣ ከብት የሚጠብቁ፣ ዕቃ የሚያመላልሱ የወሎ ሰዎች ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ በእኚሁ ሽማግሌ ማንጎ ጥላ ሥር ይሰበሰባሉ። የሚሰበሰቡት ስለ ድሮ የሩር ጨዋታ ለመከራከር ነው። ሩር ማለት ከእንጨት ሥር የተጠረበች ኳስ ናት፤ ጫፉ በተቆለመመ ዱላ እየመታህ ከባላጋራህ መስመር ታሳልፋታለህ። በዓሉ፣ ገና፣ የክርስቲያኖቹ ነው። ጨዋታው ግን የሁላችን ነበር። ቅዳሴ የሚሄደውም መስጊድ የሚሄደውም ቅልጥሙን እኩል ነበር የሚመታው።

ነገሩ የተጀመረው ሱቄ ውስጥ ነው። አንድ ጸጉር ቆራጭና አንድ መኖ የሚያመላልስ ሾፌር ከሃያ ዓመት በፊት ስለተደረገ ጨዋታ ተጣልተው ደንበኛ አባረሩብኝ። ዝም ለማሰኘት ባዶ ደብተር አውጥቼ፣ "ያላ፣ አንድ በአንድ ተናገሩ፣ እጽፋለሁ" አልኩ። ከዚያ ወዲህ ስሜ ጸሐፊ ሆኖ ቀረ። የተጻፈ ነገር ደግሞ ሰው ይወዳል። በሁለተኛው ዓርብ ስድስት ሰው መጣ፣ በሦስተኛው ከአሥር በለጠ፣ የየሰፈራቸውን ታሪክ ተሸክመው። ሱቄ ሲጠብብን ሽማግሌው የማንጎውን ጥላ ሰጡን።

ሁሉም አሸናፊ ነበር። ይኼ ነው ችግሩ። ዕቃው ጥሩ መሆኑን ሻጩን ጠይቄ ገዝቼ አላውቅም፤ ስለዚህ ደንብ አወጣሁ። ማንኛውም ጨዋታ ደብተሩ ላይ የሚሰፍረው ከተሸነፈው ወገን አንድ ሰው ፊት ለፊት መጥቶ "አዎ፣ እንዲህ ሆነን" ሲል ብቻ ነው። በስልክ አይቻልም። በስልክ ያልተቀበልነው ሾፌሩ ስላበላሸው ነው። ደማም ከተማ ያለ የአክስቱን ልጅ አስደውሎ፣ "ተሸነፍን! በጣም ተሸነፍን! አልሐምዱሊላህ!" አሰኘው። ተሸንፎ እንዲህ ደስ የሚለው ሰው ዓይተን ስለማናውቅ ውሸቱን ያዝንበት።

አንዳንድ ዓርብ ወሬው አይበቃንም፣ እንጫወታለን። እዚህ ሲድር የሚሉት ዛፍ የኛው ቁርቁራ ነው፤ ከሱ ዱላ እንቆርጣለን። አንድ ቀን የእርሻው ባለቤት በመኪናው ሲደርስ አሥራ ሁለት ጺማም ሰው ዱላ ይዞ ሲሯሯጥ አገኘ። የተጋደልን መስሎት ሹርጣ፣ ፖሊስ፣ ሊጠራ ስልኩን አወጣ። ሽማግሌው ሮጠው ሩሯን አሳዩት። አገላብጦ አያት፤ ቀጥሎ ዱላ ጠየቀ። በመጀመሪያው ምት የራሱን የውኃ ቱቦ ሰበረ። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ከሰዓት ሥራ አያዛቸውም።

እንግዲህ እኚህ ቦታ ሰጥተውን፣ ሻሂ አፍልተውልን፣ የሁላችንን ድል ሲያዳምጡ የኖሩ ሰው የራሳቸው ጨዋታ አልተጻፈም። ምስክር አጡ። የሳቸው ሰፈር፣ የላዮቹ፣ ከታቾቹ ጋር በየዓመቱ ይገጥማል፣ በየዓመቱ ይሸነፋል። ሩሯን ከታቾቹ ወንዝ መክተት ነበር ማሸነፊያው። ከሃያ አምስት ዓመት በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ከተቱ። የመታኋት እኔ ነኝ ይላሉ ሽማግሌው። በወሩ አገር ጥለው ወጡ፤ እሳቸው ከሄዱ በኋላ ሰፈሩ ድሉን ለጎረቤታቸው ሰጠው። ያ ጎረቤት እስከ ዛሬ በየገናው በሰው ትከሻ ላይ ይወጣል። ሽማግሌው በስልክ ይሰማሉ።

ያን ሐሙስ ሻንጣውን ተደግፈው እንዲህ አሉኝ፦ "ቤት አልሠራሁም። መኪና አልገዛሁም። ስመለስ ምን ይዞ መጣ መባሉ አይቀርም። ያቺ ሩር የኔ ናት የሚል ወረቀት ብይዝ ምናለ?"

"ጋሼ፣ ደንቡን ያውቁታል" አልኩ።

"አውቀዋለሁ። እኔ ነኝ ደንቡን ስታወጡ ሻሂ የቀዳሁላችሁ።"

ነገሩን ለሾፌሩ ነገርኩት። ሾፌር የማያውቀው ሰው የለም። በሳምንቱ ሐሙስ ደወለ፦ "ተገኘ! ድንበሩ ላይ፣ አል-ኹባ፣ ፍየል የሚጠብቅ የታቾቹ ሰው አለ። ያን ቀን ወንዙን ሲጠብቅ የነበረው እሱ ራሱ ነው አሉ።" ሰውየው የመኖሪያ ወረቀት የለውም። በየመን በኩል በእግሩ የገባ ነው፤ ከአል-ኹባ ወደ ባይሽ ለመምጣት ፍተሻ አለ። እሱ ካልመጣ እኛ መሄድ ነው።

በማግስቱ ዓርብ ሾፌሩ፣ ጸጉር ቆራጩ፣ ሽማግሌውና እኔ በመኖው ፒክአፕ ተነሳን። ባዶ እጅ መሄድ ስለማይሆን ከሱቄ አንድ ጠንካራ ጫማ ያዝኩ። በንግድ ይኼን ያህል ኖሬ የሠራሁት ትልቁ ስህተት ያ ጫማ ነው፤ ያኔ ግን ደግነት መስሎኝ ነበር።

ፍየል ጠባቂውን ከመንገዱ ራቅ ብሎ በቆርቆሮ ጥላ ሥር አገኘነው። ፉጣ የሚሉትን ሽርጥ ታጥቋል፣ እግሩ ባዶ ነው፣ ዕድሜው አርባ አምስት ቢሆን ነው። የአገሩን አነጋገር ሲሰማ ዓይኑ ሞላ። ፍየል አልቦ ወተት አቀረበልን። ጫማውን ሰጠሁት፤ እዚያው አደረገው፣ ሁለት ሦስት እርምጃ ሄዶ መለስ አለ። እኔም ደብተሬን ከፈትኩ።

"ያን ቀን የታቾቹን ወንዝ የጠበቅከው አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ።"

"ማን አገባብህ?"

ሽማግሌውን አየ። ጫማውን አየ። "እሳቸው ናቸዋ! ይኼን ሁሉ አገር አቋርጠው ከመጡ ሌላ ማን ይሆናል?"

ሳቅን። ጸጉር ቆራጩ ጭኑን መትቶ፣ "ኸላስ! ጻፍ፣ ጸሐፊ!" አለ። ጻፍኩ። ሽማግሌው ብቻ አልሳቁም።

"ወንድሜ፣" አሉት፣ "ዱላውን በየትኛው እጄ ይዤ ነበር?"

"በቀኝዎ ነዋ።"

ሽማግሌው ግራኝ ናቸው። በሳቸው ግራ እጅ ቅልጥሙ ያልተላጠ የጀመዓው አባል የለም።

"ሰርዘው" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ሃያ አምስት ዓመት እኮ ነው! እጅ ማን ያስታውሳል?"

"ሰርዘው አልኩህ።"

እውነቱን ልናገር፣ እኔ ብሆን ይዤው እሄድ ነበር። ዕቃው እጃቸው ገብቷል። ሰረዝኩት።

ፍየል ጠባቂው የተሰረዘውን መስመር አየ። ከዚያ ቁጭ አለና ጫማውን አወለቀ፣ አቧራውን አራግፎ ፊቴ አስቀመጠው። "መጀመሪያ ይኼን ውሰድ።"

"ስጦታ ነው እኮ፣ ወንድሜ።"

"ጫማ ይዞ ቤቴ የመጣን እንግዳ የሚፈልገውን ሳልነግረው እንዴት አድርጌ ልሸኘው? በባዶ እግሬ ልንገራችሁ።"

ነገረንም። ከቀትር ጀምሮ ወንዙ ዳር ቆሞ ነበር። ጨዋታው ሩቅ ነው፣ ወደሱ የሚመጣ የለም። የአባቱ በሬዎች ገመድ በጥሰው የሰው ሽንብራ ሲገቡ አየ፤ መስመሩን ጥሎ ሮጠ። ሲመለስ ጩኸት ሰማ፤ ሩሯ ውኃው ውስጥ ናት።

"ማንም አላየኝም ብዬ አነሳኋት" አለ። "ወደ ሜዳው መልሼ ልወረውራት ነበር። ቀና ስል አንድ ሰው ዳር ቆሞ ያየኛል። አልጮኸም። ራሱን ብቻ ነቀነቀ። መልሼ ውኃው ውስጥ አስቀመጥኳት። ለሰፈሬ 'እንደ ጥይት አለፈችኝ' አልኳቸው። እስከ ዛሬም እንደ ጥይት ናት። ያ ሰው ለማንም አልነገረብኝም። እርስዎ መሰሉኝ፣ ለዚህ ነው ደፍሬ የመሰከርኩት።"

ሁላችን ወደ ሽማግሌው ዞርን። 'አዎ፣ እኔ ነበርኩ' ቢሉ የሚከራከራቸው የለም፤ ምስክሩ ራሱ አፋቸው ላይ አስቀምጦላቸዋል። የወተቱን ጣሳ በሁለት እጃቸው ይዘው ፍየል ጠባቂውን ቀና ብለው አዩት።

"ምን ለብሶ ነበር?" አሉ።

"ቀይ ሹራብ።"

"እኔ አይደለሁም።" ጺማቸውን ገለጥ አድርገው አገጫቸው ሥር ያለውን ጠባሳ አሳዩት። "እኔ መሃል ሜዳ ነበርኩ። በግራዬ እንደመታኋት የሰው ዱላ እዚህ አገኘኝ፣ ወደቅሁ። ጩኸቱን መሬት ላይ ሆኜ ነው የሰማሁት። ቀይ ሹራቡ ጎረቤቴ ነው። ተከትሏት ሮጧል ማለት ነው። መንገድ ላይ ቆማ እሱ ገፍቷት ይሆን፣ በራሷ ገብታ ይሆን፣ አላውቅም።" ጣሳውን አስቀመጡ። "ይኼን ሁሉ ዘመን የኔ ናት ስል፣ ስትገባ አላየኋትም።"

አንዲት ፍየል መጥታ የደብተሬን ጠርዝ ልትበላ ሞከረች፣ አባረርኳት። ከዚያ እንዲህ ጻፍኩ፦ "ሩሯን የላዮቹ ግራኝ ከመሃል መታት። መስመሩ ባዶ ነበር። ስትገባ ያየ ከታቾቹ ወገን የለም። ውኃው ዳር ቀይ ሹራብ የለበሰ ሰው ነበር።" የቀረውን ግማሽ ገጽ ባዶ ተውኩት።

ልንነሳ ስንል ፍየል ጠባቂው የሽማግሌውን እጅ ያዘ። "አገር ሲገቡ ያንን ሰው ያግኙልኝ። ወንዙን የጠበቀው ልጅ አመስግኖሃል ይበሉልኝ። ያን ቀን ቢጮህብኝ ሰፈሬ አልገባም ነበር።"

ከዚያ ጎረቤት ጋር ሽማግሌው ስንት ዘመን እንዳልተነጋገሩ አውቃለሁ። ሲደርሱ ሰላም እንደማይሉትም በመኪናው ውስጥ ነግረውን ነበር።

"አደራ ነው?" አሉት።

"አደራ ነው።"

"እንግዲህ በሩን ላንኳኳ ነው" አሉና ጎንበስ ብለው ጫማውን ከፊቴ አንስተው እግሩ ሥር አኖሩለት። "አሁን አድርገው። ምስክርነቱ አልቋል።"

ሽማግሌው አገራቸው ገቡ። ከአንድ ወር ከምናምን በኋላ፣ ዓርብ፣ ማንጎው ሥር እንዳለን የሾፌሩ ስልክ ጮኸ። ድምፁን ከፍ አድርጎ መሃላችን አስቀመጠው።

"አንኳኳሁ" አሉ ሽማግሌው። "አደራውን ነገርኩት። ምን አለኝ መሰላችሁ? 'ስደርስ ውኃው ውስጥ ነበረች፤ አልነካኋትም። የግራኙ ናት ብዬ ነግሬያቸው ነበር። አንተ አገር ጥለህ ሄድክ፤ የሚሸከሙት ሰው አጥተው እኔን ተሸከሙ' አለኝ።"

ጥላው ሥር ጩኸት ሆነ። ጸጉር ቆራጩ ደብተሩን ወርውሮልኝ፣ "ጻፍ እንጂ! ምን ትጠብቃለህ?" አለ። እስክሪብቶዬን አወጣሁ።

"አትጻፍ!" አሉ ሽማግሌው ከማዶ። "በስልክ ነው።"

"እሱስ፣ ጋሼ፣ ፊት ለፊት ቢሆንም የአሸናፊው ወገን ሰው ነው" አልኩ፣ ደንቡን ላለመልቀቅ። "በደንቡ አይመሰክርም።"

"ሃያ አምስት ዓመት የሰው ድል ተሸክሞ፣ በዚህች ሩር ላይማ እንደሱ የተሸነፈ የለም" አሉና ሳቁ። ሲስቁ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማኋቸው ያኔ ይመስለኛል። "ስለዚህ ምስክር ይሆናል። ገና ሲደርስ ና፣ አጠገቡ ቁጭ በል፣ አፉ ይንገርህ። ከዚያ ትጽፈዋለህ።"

እኔ ለመጨረሻ ጊዜ አገሬን ካየሁ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። አንድ ጊዜ ሱቁ፣ አንድ ጊዜ የኢቃማ፣ የመኖሪያ ወረቀቱ ጣጣ፣ አንድ ጊዜ የዕቃ መግቢያ ወቅት፤ ምክንያት ከሻንጣ ጋር አብሬ ስሸጥ ኖሬ ለራሴ አላጣም። ያ ግማሽ ገጽ ግን ደብተሩን በከፈትኩ ቁጥር ያየኛል።

ባለፈው ሳምንት ሱቁን ከመክፈቴ በፊት መካከለኛውን ሻንጣ አውርጄ ዚፑን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። መልሼ ሰቀልኩት። ትልቁን አወረድኩ፣ ደብተሩን ከታች አስቀመጥኩበት። ጸጉር ቆራጩ በር ላይ ቆሞ ኖሯል፣ "ስንት ትለዋለህ ይኼን?" አለኝ።

"የተሸጠ ነው" አልኩት።