መሪጌታ ፈንታሁን፣ ከፊት ለፊት

ትእዛዝ ፈንታሁን የአባቷን ሥዕል የጀመረችው በ1999 ዓ.ም. ጥር ወር፣ ደብረ ታቦር፣ ወላጆቿ ቤት ነው። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። ባሕር ዳር ባለ አንድ የሥዕል ትምህርት ቤት የሦስተኛና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበረች። የመመረቂያ ሥራው መመሪያ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ «ያሳደገህን ሰው አስቀምጠህ ሣል።» ከፎቶግራፍ መገልበጥ ክልክል ነው። ከሠላሳ አንድ ሥራዎች ሦስቱ ይመረጣሉ፤ የሦስቱ ባለቤቶች ወደ ዲግሪ ይሻገራሉ። የቀሩት ወረቀታቸውን ይዘው ሥራ ይፈልጋሉ።

አባቷ መሪጌታ ፈንታሁን የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ናቸው። ያን ጊዜ ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነበር። ከይፋግ እስከ ገሳይ አሥራ አንድ ቤተ ክርስቲያን ሥለዋል። ግራ ዓይናቸው አያይም። በ1976 ዓ.ም. ይፋግ አጠገብ ከአንድ መቅደስ ጣሪያ ሥር በእንጨት ረብራብ ላይ ቆመው ሲሠሩ ኖራ ገባበትና ነጭ ሆኖ ቀረ። በወሩ ተመልሰው ረብራቡ ላይ ወጡ።

ትእዛዝ ሥዕል የተማረችው ከእሳቸው ነው። በስድስት ዓመቷ ቀለም በጠበጠች፤ በአሥር ዓመቷ የመላእክት ክንፍ ሞላች። አባቷ መስመሩን በጥቁር ያወጣሉ፤ እሷ ውስጡን ትቀባለች። የቤቱ ሕግ ጥቂት ነበር። ዓይን የሚሣለው መጨረሻ ላይ ነው። ዓይኑ እስኪሣል ድረስ ሥዕሉን ከሠሪው በቀር ማንም አያይም፤ ጨርቅ ይጋረድበታል።

ትምህርት ቤት ከገባች በኋላ የመጀመሪያውን ዓመት የጨረሰችው ያንን ጥቁር መስመር ከእጇ ለማስለቀቅ ስትታገል ነው። የመጀመሪያው የክፍል ሥራ አንድ እንስራ ያለ መስመር፣ በብርሃንና በጥላ ብቻ መሣል ነበር። አራት ጊዜ ሠራችው። አራቱንም ጊዜ እንስራው ዙሪያውን በጥቁር ታጥሮ ተገኘ። ካሳሁን የሚባል የክፍል ጓደኛዋ አራተኛውን አየና፣

«ቅዱስ እንስራ» አለ። «አክሊል ብቻ ነው የቀረው።»

ክፍሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ከሃያው ስድስት አገኘች።

መምህሩ ምናለ ይባላል። ሐዋሳ ተወልዶ ያደገ፣ ነገር የማያበዛ ሰው ነው። እያንዳንዱ ተማሪ ከሥራው ጋር ማስታወሻ እንዲያቀርብ ያዛል፤ ምን አደረግህ፣ ለምን፣ ምን አስቸገረህ። ብዙዎቹ ገጽ ይሞላሉ። የትእዛዝ ማስታወሻ አጭር ነው። በእንስራው ጊዜ እንዲህ ጽፋለች፤ «እጄ የአባቴ ነው። ዓይኔ የማን እንደሆነ ገና አላወቅሁም።» ምናለ ከሥሩ በቀይ «እንወቀው» ብሎ ጻፈበት።

በሁለተኛው ዓመት መቶ እጆች ሣለች፤ የሊስትሮ፣ የሱቅ ነጋዴ፣ የዘበኛ። መስመሩ እየቀጠነ ሄደ። አልጠፋም።

በጥር ዕረፍት አባቷን መስኮቱ አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀመጠቻቸው። የመጀመሪያውን ቀን ከፊት ለፊት ሞከረች። ግንባር፣ ጥምጥም፣ ጢም በከሰል ነደፈች። ግራ ዓይን ላይ ስትደርስ ቆመች። ደመሰሰችው፤ እንደገና ነደፈች፤ እዚያው ላይ ቆመች። ማታ በማስታወሻው ላይ፣ «አባባ በዓይናቸው የሚያፍሩ ይመስለኛል» ብላ ጻፈች። እሳቸውን አልጠየቀችም።

በማግሥቱ ወንበሯን አንስታ ወደ ቀኛቸው ዞረች። ከዚያ በኩል የሚታየው ግማሽ ፊት ነው፤ ወደ መስኮቱ የሚያይ አንድ ጤነኛ ዓይን፣ ቀጥ ያለ አፍንጫ፣ የጥምጥሙ እጥፋት።

«ምነው ወደዚያ ሄድሽ?» አሉ አባቷ።

«ብርሃኑ ከዚህ ይሻላል።»

«ብርሃኑማ ያለው ከፊቴ ነው።»

«አባባ፣ አይናገሩ። ጢምዎ ይንቀሳቀሳል።»

«ቅዱሳኑም እኔ ስሥላቸው ዝም ብለውኛል» አሉ። «ዛሬ ተራው የእኔ ነው።»

ከዚያ በኋላ በተቀመጡበት ስድስት ቀን አልተናገሩም። ሥዕሉንም አላዩም። ማታ ማታ ጨርቅ ስትጋርድበት ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። ሕጉ የራሳቸው ነው።

የማስታወሻው የዚያ ሳምንት ገጽ ይህን ይላል፤ «ጥቁር አልነካሁም። ፊቱ ከቡናማው ውስጥ ራሱ ወጣ። ከዚህ ወገን ግራ ዓይኑ አይታይም። ጥሩ ነው።»

ሥዕሉን ባሕር ዳር ወስዳ ጨረሰችው። ምናለ ከሥዕሉ ፊት ለረጅም ጊዜ ቆመ።

«መስመሩ የት ሄደ?»

«ወጣ።»

ከሃያው አሥራ ዘጠኝ ሰጣት። በሚያዝያ ከሦስቱ አንዱ ሆኖ ተመረጠ። ለዓውደ ርእዩ የታተመው የመጋበዣ ካርድ ላይም የወጣው እሱ ነው።

ካርዱ ከትእዛዝ ቀድሞ ደብረ ታቦር ገባ። አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ከባሕር ዳር ይዞት መጥቶ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አሳየ። ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ይርዳው የሚባል ወጣት ዲያቆን ከፍ አድርጎ ያዘው።

«መሪጌታ» አለ፣ «ከእነ ይሁዳ ማኅበር መቼ ገቡ?»

ጥቂት ሰዎች ሳቁ። አንድ ሽማግሌ ቄስ፣ «ተው አንተ፣ አፍህን ሰብስብ» አሉት።

በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ሰው ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዙሮ፣ በሁለት ዓይኑ ይሣላል። በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው ይሁዳ ነው፤ ሰይጣን ነው፤ ጌታን የገረፉት ጭፍሮች ናቸው። ይህን በዚያ አገር ፊደል ያልቆጠረም ያውቃል። ትእዛዝም ታውቃለች። በአባቷ ሥራ ላይ በእጇ ከሞላቻቸው የመጀመሪያዎቹ ነገሮች አንዱ የይሁዳ ፀጉር ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ የአባቷን ደንብ ከእጇ ስታስለቅቅ ይህኛውም አብሮ ወጥቶ ነበር።

መሪጌታ ካርዱን ወደ ቀኝ ዓይናቸው አስጠግተው አዩት። «ይህ ሰው ማን ነው?» አሉ። ካርዱን ጋቢያቸው ውስጥ አድርገው ወደ ቤት ሄዱ። ገሳይ አጠገብ የጀመሩት ሥራ ነበር፤ ሰኞ አልሄዱም። ማክሰኞም አልሄዱም።

ረቡዕ እናቷ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ከሱቅ ስልክ ደወሉ።

«አባትሽ ብሩሹን አጥቦ ሰቀለ» አሉ። «አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ነይ።» የካርዱንም ነገር ነገሯት።

ትእዛዝ ሥዕሉን ከትምህርት ቤቱ ግድግዳ አወረደችው። ምናለ በሩ ላይ አገኛት።

«ወዴት?»

«ደብረ ታቦር። አባቴ አላዩትም።»

«ካዩት በኋላስ?»

«እንጃ።»

«ዓርብ ግንቦት ሃያ አራት ይከፈታል። በዚያ ሰዓት ግድግዳው ላይ ካልዋለ አራተኛ የወጣው ይገባል። እኔ ብቻዬን የምወስነው አይደለም።»

«ገብቶኛል» አለች።

ስምንት ቀን ቀርቶ ነበር። ሐሙስ በሚኒባስ ሄደች። ሐሙሲት ላይ ገበያ ስለነበር መኪናው ሰው በሰው ላይ ሞላ፤ ረዳቱ ሥዕሉ ጣሪያ ላይ ይጫን አለ፤ እንቢ ብላ እስከ ደብረ ታቦር ጉልበቷ ላይ ያዘችው።

አባቷ ሥዕሉ እንዲጠጋላቸው አዘዙ። ከቀኝ ዓይናቸው አንድ ስንዝር ላይ አድርገው ከጥምጥሙ ጀምረው እስከ ጢሙ ጫፍ አዩት።

«እጅሽ ጥሩ ነው» አሉ። «ጆሮው ጆሮ ነው። የጥምጥሙ እጥፋት ልክ ነው። እኔ እንዲህ አድርጌ መሥራት አልችልም።» ከዚያ ቀና አሉ። «ከማን ጋር ነው ያቆምሽኝ?»

«አባባ፣ ደንቡን አላሰብሁትም። ዓይንዎን ብዬ ነው።»

«ዓይኔን ምን?»

«እንዳያፍሩበት።»

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ከበሩ በኩል፣ «ሃያ ሦስት ዓመት ከዚያ ዓይን ፊት ለፊት ተቀምጬ በላሁ» አሉ። «አንድ ቀን ጉርሻ አንቆኝ አያውቅም።»

«ይህ ዓይን የጠፋው ስሰርቅ አይደለም» አሉ መሪጌታ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። «የት እንደጠፋ አገር ያውቃል። ስሞት ከሬሳዬ ፊት ይዘሽው የምትሄጂው ይህን ነው?»

ትእዛዝ ሥዕሉን ወስዳ ግድግዳው ላይ አስደገፈችው።

«ዓይኔን እግዜር ወስዶታል፤ አንቺ መልሺልኝ አልልሽም። ፊቴን ግን አታዙሪው።»

ትእዛዝ ቀና ብላ አየቻቸው።

«ነገ ይቀመጡልኛል?»

«ሸራ አለሽ?»

«ያለኝ ይኸው ነው።»

ምን እንዳለች ገባቸው። «እሱንማ እንዳትነኪው። ዓይኔ ነው እንጂ ያልወደደው፣ ሥራውስ ሥራ ነው። ለአስተማሪሽስ ምን ትያለሽ?»

«እሱን ለእኔ ይተዉት።»

ጠዋት ቀለሙን በቢላ ፋቀችው። ዘይት ቀለም በአራት ወር ይጠነክራል፤ አፍንጫውና ግንባሩ አልለቅ ብለው ብዙ አደከሟት። የቀረውን በቡናማ ሸፈነችው። ማስታወሻው፤ «የፋቅሁት እስከ ዛሬ ከሠራሁት የተሻለውን ነው።»

አምስት ቀን ሠራች። ቸኮለች፤ በሥዕሉ ላይ ይታያል። ትከሻው ገና ያላለቀ ይመስላል፤ ጋቢው ጠፍጣፋ ነው። ሁለቱ ጉንጮች እኩል አይደሉም፤ የአባቷም ጉንጮች እኩል አልነበሩም። ዓይኖቹን መጨረሻ ላይ አቆየቻቸው። ይህን ከትምህርት ቤት አልተማረችውም።

ቀኙን በጥላ ብቻ ለመሥራት ሞከረች፤ አልያዘም። በቀጭን ጥቁር ከበበችው፤ ያዘ። «መስመሩን አልጠራሁትም» ይላል ማስታወሻው፤ «ራሱ መጣ። ተውሁት።»

ግራው ላይ ስትደርስ ብሩሹን ዝቅ አደረገች።

«አባባ፣ ግራውን እንዴት ላድርገው?»

«ምን ይታይሻል?»

«ነጭ ነው። ጠርዙ ላይ ሰማያዊ ነገር አለው።»

«እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ ታዲያ?»

ነጭ አደረገችው። ጠርዙ ላይ ሰማያዊ ጨመረችበት። ከዚያ ጨርቁን ሳትጋርድ ሥዕሉን ወደ እሳቸው አዞረች።

መሪጌታ ተጠግተው አዩ። ወይዘሮ ጥሩወርቅም መጥተው ከኋላቸው ቆሙ።

«ጆሮዬን አሳንሰሽዋል» አሉ።

«ከፊት ሲታይ እንዲያ ነው።»

«እንዲያ ነው?» ሚስታቸውን ጠየቁ።

«እንዲያ ነው» አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ።

«ደግ» አሉ። በማግሥቱ ወደ ገሳይ፣ ወደ ሥራቸው ሄዱ።

ዓርብ ግንቦት 24 ቀን ትእዛዝ ከመክፈቻው ሁለት ሰዓት ቀድማ ደረሰች። ምናለ አዳራሹ ውስጥ ነበር። ሥዕሉን አየ፤ ከዚያ ሌላ ነገር ይዛ እንደሆነ ከኋላዋ ተመለከተ።

«የጎኑስ?»

«ከሥሩ ነው።»

«ከምን ሥር?»

«ከዚህ።»

የሸራውን ጠርዝ በጣቱ ነካ። ጣቱ ቀለም ይዞ ተመለሰ። በመሐረቡ ጠረገው።

«ማን አስደረገሽ?»

«ማንም። ተይ ነበር የተባልሁት።»

መራጮቹ ሦስት ነበሩ። ብዙ አልተከራከሩም። የተመረጠው ሥራ የለም፤ የቀረበው አልተመረጠም፤ ያልደረቀ ቀለምም ግድግዳ ላይ አይሰቀልም። በቦታው አራተኛ የወጣው የካሳሁን ሥዕል ገባ፤ አክስቱ በወንበር ላይ። ካሳሁን መጥቶ አጠገቧ ቆመ።

«እኔ አልለመንኋቸውም» አለ።

«አውቃለሁ። የአክስትህ እጅ ጥሩ ነው።»

ምናለ የሰጠውን አሥራ ዘጠኝ አልሰረዘውም። ለአዲሱ ሥዕል ግን ነጥብ አልሰጠም፤ ቀኑ አልፏል። ማስታወሻዋን ተቀብሎ እዚያው ቆሞ አነበበው። በቀይ የጻፈው ነገር የለም። ሲመልስላት፣ «የመጀመሪያው ይበልጥ ነበር» አለ። «በሥዕልነቱ ነው የምልሽ።»

«እኔም እንደዚያው አውቃለሁ» አለች።

ወደ ዲግሪ አልተሻገረችም። በመስከረም ገሳይ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሥዕል አስተማሪ ሆና ተቀጠረች፤ እስካሁንም እዚያው ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ትሥላለች። ለዓውደ ርእይ ያቀረበችው ሥራ የለም። ስለ ፋቀችው ሥዕል ስትጠየቅ የምትመልሰው አጭር ነው፤ ይቆጫታል፤ ደግማ ትፍቀው እንደሆነ ሲጠይቋት ግን አዎ ትላለች።

መሪጌታ ፈንታሁን በ2003 ዓ.ም. ኅዳር ወር አረፉ። ከሬሳው ፊት ሥዕሉን ይዛ የሄደችው ትእዛዝ ናት። ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን ያለው መንገድ አቀበት ነው። ሊቀበሏት የመጡትን መለሰች። ሁለት ጊዜ ቆማ ክንዷን አሳረፈች፤ ሁለቱንም ጊዜ ሕዝቡ ቆሞ ጠበቃት።