«ለውጥ የለም» ብዬ የጻፍኩት ጥናት

ይህን ከአንዲት ሴት በቀር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። የንስሐ አባቴ እንኳ አያውቁትም። ሌላ ሌላውን ሁሉ እየነገርኳቸው ይህችን ዘልዬ አልፋለሁ። ምን ብዬ ልንገራቸው? «አባ፣ በስሌት ዋሸሁ» ይባላል? አልሰረቅሁም፣ እጄን በሰው ላይ አላነሳሁም። እውነቱን እያወቅሁ ዝም አልኩ፤ ያው ነው።

ጊንጪ አስተማሪ ነበርኩ። ቅዳሜና እሁድ አምቦ እየተመላለስኩ ሁለተኛ ዲግሪዬን እማራለሁ። ለመመረቂያ ጥናቴ የመረጥኩት እዚያው ጊንጪ የነበረውን የልጃገረዶች ማደሪያ ነው። አንድ አነስተኛ በጎ አድራጎት ማኅበር ቤት ተከራይቶ፣ በዙሪያው ካለው የደንዲ ገጠር ለሚመጡ ተማሪዎች አልጋና ምግብ፣ ማታም የሚያጠኑበት መብራት ይሰጣል። አስተባባሪው ኦቦ ለሚ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ላጠና ነው ስላቸው ፊታቸው በራ። «ጻፊልን ልጄ፣ ረጂዎቻችን በቁጥር ካላዩ አያምኑም» አሉኝ።

እኔ ራሴ ከአምቦ ርቃ ያለችው የካቺሲ ገጠር ልጅ ነኝ። አምቦ ተከራይቼ፣ እናቴ የምትልክልኝን ስንቅ እየቆጠብኩ ነው ሃይስኩል የጨረስኩት። ማደሪያ ለገጠር ልጅ ምን እንደሆነ ለእኔ ማን ይነግረኛል?

የልጆቹን አማካይ ውጤት፣ ማደሪያው ከመግባታቸው በፊት የነበረውንና ከገቡ በኋላ ያለውን ሰበሰብኩ። አንድ በአንድም አነጋገርኳቸው። ከመካከላቸው ጫልቱ የምትባል አንገቷን የደፋች ልጅ ነበረች። «ቤት ስደርስ ይመሽ ነበር። እዚህ ግን አነባለሁ» አለችኝ።

ስታቲስቲክስ ያስፈራኝ ነበር። ቲ ቴስት፣ ካይ ስኩዌር የሚባሉት የማወዳደሪያ ስሌቶች በተነሱ ቁጥር ደብተሬ ላይ አቀረቅራለሁ። አልገባኝም ብዬ እጄን ከማወጣ፣ ኮምፒውተሩ ላይ የቱ እንደሚጫን ከጓደኞቼ እያየሁ ሸመደድኩ። የልጆቹን የፊት ውጤትና የኋላ ውጤት፣ ሁለት የማይተዋወቁ ቡድኖች ይመስል ለየብቻ አስገብቼ አወዳደርኩ። የወጣው መልስ «ጉልህ ልዩነት የለም» የሚል ሆነ። ገረመኝ፤ ግን ጻፍኩት። አማካሪዬም ሥራ በዝቶባቸው አለፉት።

እስከዚህ ድረስ አለማወቅ ነው። በዚህ ብቻ ቢያበቃ ምናለ!

የማቅረቢያዬ ቀን ሲቃረብ ገመቹ የሚባል የክፍል ጓደኛዬ ረቂቄን አነበበልኝ። ራሱን ነቀነቀ።

«እነዚህ እኮ ያው ልጆች ናቸው» አለኝ። «እያንዳንዷን ማወዳደር ያለብሽ ከራሷ ጋር ነው። አንዷ ድሮም ጎበዝ ናት፣ አንዷ ድሮም ደካማ ናት። ሁሉንም ስትደባልቂው በመሃላቸው ያለው ርቀት የያንዳንዷን ለውጥ ዋጠው።»

ለጥንድ መረጃ የሚሆነውን ቲ ቴስት አሳየኝ። ቤቴ ገብቼ፣ በሬን ዘግቼ ሠራሁት። ልዩነቱ ወለል ብሎ ወጣ። ከጥቂቶቹ በቀር ልጆቹ ሁሉ ከፍ ብለዋል። ጫልቱም ከፍ ብላለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ስታቲስቲክስ ገባኝ፤ ያን ቀን ልደሰት ይገባኝ ነበር።

እኔ ግን ምን አደረግሁ? ልለውጠው ብል ሁለት ምዕራፍ እንደገና ይጻፋል፣ አማካሪዬ እንደገና ያነባሉ፣ ምረቃዬም ለከርሞ ያልፋል። እናቴ ለምረቃዬ የምትለብሰውን ቀሚስ አሰፍታ ጨርሳለች። ገመቹ «አስተካከልሽው?» ሲለኝ «አዎ» አልኩት። ፈታኞቼ ፊት ቆሜ፣ ማደሪያው በልጆቹ ውጤት ላይ ጉልህ ለውጥ አላመጣም አልኩ። አውቄ፣ በገዛ አፌ አልኩት። አጨበጨቡልኝ።

ኦቦ ለሚ ቅጂውን ሲጠይቁኝ ሰጠኋቸው። የመመረቂያ ጽሑፍ ማን ያነባል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። እሳቸው ግን ለረጂዎቹ ላኩት፤ ረጂዎቹም አነበቡት። በሚቀጥለው ዓመት ማደሪያው አልተከፈተም።

«ምን ይደረግ ልጄ» አሉኝ ኦቦ ለሚ፣ መንገድ ላይ አግኝተውኝ። «ጥናቱ ያለውን ነው ያለው። ገንዘቡን ወደ ሌላ ሥራ አዞሩት። አንቺ እንዳይከፋሽ።»

እኔን ሲያጽናኑኝ! ያኔ እንኳ አልተናገርኩም። ብዙም ሳይቆዩ አረፉ፤ ቀብራቸው ላይ ቆሜ አለቀስኩ፣ ሰዉም እንዴት ብትወዳቸው ነው አለ።

ጫልቱ ጥቂት ወራት ከገጠር እየተመላለሰች ተማረች። ከዚያ መንገዱ አያስተማምንም ብለው አባቷ አስቀሯት፤ ቆይተውም ዳሯት። አንድ ማደሪያ በአንድ ወረቀት አይዘጋም፣ ረጂዎቹ ድሮም ሰልችቷቸው ይሆናል እላለሁ አንዳንዴ። ይሆናል። ግን እነሱ ቢሰለቹም፣ ምክንያቱን በእጃቸው ያስያዝኳቸው እኔ አይደለሁም?

ባለፈው ዓመት የጫልቱን ቤት ጠይቄ ሄድኩ። «አካም ጅርቱ፣ ቲቸር!» ብላ ተነሥታ ተቀበለችኝ፤ ልጅ ታቅፋለች። ወንበሩን በነጠላዋ ጠርጋ አስቀመጠችኝ። ሁሉንም ነገርኳት። ልጇን እያጠባች እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ብትቆጣ ምንኛ በወደድኩ። ስጨርስ ቀና አለች።

«አሁን እውነቱ ከታወቀ» አለችኝ፣ «ማደሪያው ይከፈታል ማለት ነው? ታናሽ እህቴ ስምንተኛ ክፍል ናት።»

«አይከፈትም» አልኳት።

የሄድኩት ይቅርታ ልጠይቃት ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ምን አፍ አለኝ? ሳልጠይቃት ተመለስኩ። እናንተንም አልጠይቅም።