በሸራውና በጭስ ማውጫው መካከል

በያጁን ሰፈሩ ሁሉ «አይሆንም» እያለ ይጠራዋል። በር ላሠራ ያለንም፣ አጥር ላሳጥር ያለንም መጀመሪያ የሚቀበለው በዚህች ቃል ነው። ምላሱ እሬት ነው፤ እጁ ግን የተባረከ ስለሆነ ደንበኛው ስድቡን ውጦ ሥራውን ይዞ ይሄዳል።

ከሰው ሁሉ አብልጦ የሚጠላው የእህቱን ባል ነው። አማቹም በበኩሉ ዓይንህን ለአፈር ይለዋል። የጠባቸው መነሻ ከዓመታት በፊት በያጁ ሠርቶለት ያፈሰሰ አሸንዳ ነው፤ አማቹ በሰው ፊት «ቆርቆሮ ቀጥቃጭ» አለው፣ በቃ፣ ተቆራረጡ። ከዚያ ወዲህ ፊት ለፊት ቢገጣጠሙ እንኳ ቃል አይለዋወጡም። አንዱ «ለባልሽ ንገሪው» ይላል፣ ሌላው «ለወንድምሽ ንገሪው» ይላል፤ እህት መሐል ሆና ታመላልሳለች።

እንደ ወረደ ግን አታመላልስም። ወንድም «ያ ሰነፍ መሰላሌን ይመልስ» ሲላት፣ ቤት ገብታ «መሰላሉን ከጨረስክበት ብሎሃል» ትላለች። እሾሁን ነቅላ ነው የምታደርሰው። ትዳሬ የቆመው በዚህ ነው ትላለች፤ እውነቷን ሳይሆን አይቀርም።

አማቹ ምግብ ቤቱን ሲያሰፋ ግቢውን በሸራ ጣሪያ ሸፈነው። ሸራው በሞተር እየተሳበ በሐዲድ ላይ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ሰውዬው ጠዋት ማታ ማብሪያውን እየተጫነ እንደ ሕፃን ይደሰት ነበር። ምድጃዎቹ ግን እዚያው ሸራ ሥር ናቸው፤ ምድጃው ላይ ቀኑን ሙሉ የምትቆመውም እህት ናት። ጭሱ በየት ይውጣ ሲባል፣ አማቹ ሸራውን ቀድጄ ቱቦ አሾልካለሁ አለ። ሸራው ሲንቀሳቀስ ቱቦው ምን ይሆናል ብሎ ራሱን አልጠየቀም፤ ከእሱም አይጠበቅም።

በያጁ ለእህቱ ሲል መጣ። አየና አይሆንም አለ። ከዚያ ሸራውን ለሁለት አስከፍሎ መሐሉ ላይ ከቦታው የማይነቃነቅ ሰፊ ላሜራ በየደ፤ ሙቀት እንዳያሳልፍ ድርብ ግድግዳ ያለው ቱቦ በላሜራው አሳልፎ ከጣሪያው በላይ ከፍ አደረገው። ሸራው ከወዲህና ከወዲያ እየመጣ ላሜራው ጠርዝ ላይ ይቆማል፤ ቱቦው ዘንድ አይደርስም።

ዝናብ ሲጥል ላሜራው እንደ ከበሮ ጮኸ። ደንበኞች አጉረመረሙ። አማቹ ሸራውን በላሜራው ላይ እስከ ቱቦው ድረስ ላስረዝም ብሎ በሚስቱ በኩል አስጠየቀ። በያጁ የያዘውን መዶሻ አስቀመጠ።

«ለባልሽ ንገሪው፣ ሸራው ከቱቦው አንድ ክንድ ይራቅ። ከዚያ ካለፈ ከጭሱ ጋር የሚወጣው ስብ እየተንጠባጠበበት አንድ ቀን ይነዳል። ያ ደደብ አብሮት ቢነድ ግዴ አይደለም፤ ከሥሩ ያለሽው ግን አንቺ ነሽ።»

እሷም ሄዳ፣ «ጋሼ ትንሽ ራቅ ቢያደርገው ብሏል» አለች። «ትንሽ» አማቹ ዘንድ ስትደርስ አንድ ስንዝር ሆነች፤ ሸራውን እስከዚያ አስረዘመው።

እሳቱ የተነሣው በምሳ ሰዓት፣ ግቢው ጢም ብሎ በሞላበት ነው። በስብ የራሰው የሸራ ጫፍ መጀመሪያ ጨሰ፣ ከዚያ ያዘ። አማቹ ደንግጦ ማብሪያውን ተጫነው። ሞተሩም እንደታዘዘው የሚነደውን ሸራ እየጎተተ ወደ ተመጋቢዎቹ አናት ወሰደው። ሰው ወንበር እየገለበጠ ሲወጣ እህት ሮጣ ዋናውን መብራት አጥፍታ ሞተሩን አቆመች፤ ጠረጴዛ ላይ ወጥታም የሚነደውን ጨርቅ በእጇ ቦጭቃ ጣለችው። ሌላ የተጎዳ የለም። የእሷ ቀኝ እጅ ግን እስከ አንጓው ተላጠ።

ክሊኒክ ውስጥ ሁለቱ ወንዶች በአልጋዋ ግራና ቀኝ ቆሙ።

«ለባልሽ ንገሪው፣ ነፍሰ ገዳይ ነህ በይው» አለ በያጁ።

«ለወንድምሽ ንገሪው፣ የነደደው የእሱ ሥራ ነው» አለ ባል።

«አልናገርም» አለች። «ሁለታችሁም እዚሁ ናችሁ።»

በስንት ዘመኑ በያጁ ፊቱን ወደ አማቹ አዞረ። «ክንድ ነው ያልኩት።»

«እኔ የተነገረኝ ትንሽ ነው።»

ሁለቱም ወደ እሷ ዞሩ። ከፋሻው ላይ ዓይኗን አላነሣችም።

«ክንድ ነው ያለው። ክንድ ማለቱን ብነግርህ ደደብ ማለቱንም መንገር ሊኖርብኝ ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ ስድባችሁን ስውጥ ኖርኩ፤ ያን ቀን ከስድቡ ጋር ክንዷንም ዋጥኳት።»

በያጁ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። «ለባልሽ» ብሎ ሊጀምር ነበር፤ አፉን ዘጋው።