ከመቆለፉ በፊት የተሞላው ዲስክ

ፖሊሶች የያዙኝ ኮተቤ ከተከራየሁባት ቤት፣ ጠዋት፣ ፊቴን እንኳ ሳልታጠብ ነው። ላፕቶፔንና ሃርድ ዲስኬን ፌስታል ውስጥ ጨምረው ወሰዱ። የገባሁበት የእስር ክፍል እርጥብ ሲሚንቶ ይሸታል፤ ከጣራው ሥር ባለችው መስኮት ነፋስ ሲነሳ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ሽታ ይመጣል። አሥራ አንድ ሰው ነበርን።

ጠጋ ብለው ቦታ የሰጡኝ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ። ምን እንደወሰዱብኝ ሲጠይቁኝ "ዲስክ" አልኳቸው። ምን እንዳለበት ግን አልነገርኳቸውም።

ልጆቻቸው ታስረው የት እንደደረሱ ያላወቁ እናቶች የሰጡኝ ቃል ነበረበት። ስማቸውና ሰፈራቸው ሳይቀር ለወራት ያለ ቁልፍ ተቀምጦ ነበር። በኋላ ሥጋት ገባኝና ዲስኩን በይለፍ ቃል ልቆልፈው አሰብኩ። ከዚያ በፊት ግን ቃላቸውን ለጊዜው ወደ ፍላሽ ገልብጬ፣ ኮምፒውተሩ ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ትርጉም በሌለው ቁጥር እንዲሞላው አዘዝኩ። የሥራ ባልደረባዬ "ምን ጊዜህን ታባክናለህ? ሰርዘህ ቆልፈው!" ብላኝ ነበር። ሁለት ቀን ፈጀ። መሃል ላይ መብራት ጠፍቶ እንደገና ጀመርኩት። በኋላ ቆልፌው ቃላቸውን መለስኩበት፣ ፍላሹንም አቃጠልኩት።

"የጠፋ ጽሑፍ ያገኛሉ እንዴ?" አሉኝ መምህሩ፣ ዲስኩን በቁጥር መሙላቴን ብቻ ስነግራቸው።

"ከላዩ ሌላ ካልተጻፈበት ያገኙታል።"

"እንደ ሰሌዳ በለኛ! በዳስተር ጠርገኸው በጎን ስታየው ይነበባል።"

"አዎ ጋሼ።"

ያን ሳምንት የጨነቀኝ አንድ ነገር ነው፤ መብራት ከመጣ በኋላ የጀመርኩት ሙሌት በእርግጥ አልቆ ነበር? "ተጠናቋል" የሚለውን በዓይኔ አይቻለሁ? እርግጠኛ መሆን አቃተኝ።

በስምንተኛው ቀን መርማሪው አስጠራኝ።

"ባለሙያው ዲስኩ ሙሉ ዝባዝንኬ ነው ይላል። የቱ ጽሑፍ፣ የቱ ባዶ እንደሆነ እንኳ አይለይም። የይለፍ ቃሉን ንገረኝ።"

ሙሌቱ አልቆ ነበር ማለት ነው።

"አልናገርም" አልኩት።

ደክሞት ነበር። ወረቀት ስቦ "የይለፍ ቃሉን ረስቼዋለሁ" ብሎ ጻፈና አዞረልኝ። "ፈርም። ለአንተም ለእኔም ይቀላል።"

አነበብኩት። "አልረሳሁትም። አልናገርም ማለቴ ይጻፍልኝ።"

ከዚያ ሰርዞ እንዳልኩት ጻፈ፤ ፈረምኩ። ሌላ ሦስት ሳምንት አቆዩኝ። መምህሩ የሆነውን ስነግራቸው ብርድ ልብሳቸውን አጋሩኝ።

ባለፈው ወር ወደ የካ አባዶ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ከእነዚያ እናቶች አንዷን አገኘሁ።

"ውይ ልጄ! ምነው እንዲህ ከሳህ?" አሉኝ።

ቃላቸውን ከሰጡኝ ወዲህ ፖሊስ ጠርቷቸው እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

"እኔን? ማን ይጠራኛል?" ብለው ሳቁ። ስለ ዲስኩ ምንም አልነገርኳቸውም፤ እንዲህ ሳይጨነቁ ሲስቁ መስማቱ በቂዬ ነበር። አጠገባቸው የተቀመጠውን ጎልማሳ በክርናቸው ነካ አድርገው "ታስረህ ሳለህ ቃሌን የጻፈልኝ፣ ያ የነገርኩህ ልጅ ነው፤ ተነሥና ሰላም በለው" አሉት፤ እሱም ጣራው ሥር ጎንበስ ብሎ እጁን ዘረጋልኝ።